ፍም ይዘን ወደ ቁሓ

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቅዳሜ ጠዋት ደስታዬን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ነበር። ሳህን እያጠብኩ እዘፍናለሁ፤ መጥረጊያ ይዤ ሳሎኑ መሀል እሽከረከራለሁ፤ የሹራቤን ቁልፎች አዛንፌ ቆልፌ ሓትኖ እስክትነግረኝ ድረስ አላየሁትም። ሓትኖ የምንለው የእናትን እህት ነው። የእኔዋ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ካለው ቤታችን ገብታ ቤቱንም፣ አባቴንም፣ እኔንም የምታስተዳድር ሴት ናት።

“ኣንቲ፣ ቀስ በይ እስቲ! ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ነው የምትቀመጠው” አለችኝ።

“ሠላሳ አራት ዓመት ቀስ ብያለሁ ሓትኖ። ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ ቆምኩ ማለት ነው።”

እውነቴን ነው። ትዕግሥት ሲታደል ሰልፉ ረዝሞብኝ ጥዬ የተመለስኩ ሰው ሳልሆን አልቀርም። ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ ስለማልችል ምላሴ ዓመቱን ሙሉ የተቃጠለ ነው። ፊልም ሳይ መጨረሻውን አስቀድሜ አይቼ ነው ወደ መጀመሪያው የምመለሰው። እግዜር ሲቀልድብኝ ደግሞ የወደድኩት ሰው የጅማ ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲው ዓዲ ሓቂ ግቢ የሚያስተምር፣ አንድ ማኪያቶ ይዞ ግማሽ ቀን መቀመጥ የሚችል ረጋ ያለ ሰው ሆነ። የዚያን ቀንም ከግቢው ፊት ለፊት ካለ ካፌ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። አግቢው ራሱ ከሽማግሌዎች ጋር አይመጣምና።

የሚያስፈራኝ አባቴ ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ችግሩ “እሺ” የምትለዋ ቃል ከአፉ አለመውጣቷ ነው። የእሱ ቃል “እናስብበት” ናት። የግቢውን በር ቀለም ስለመቀባት ሲያስብ ሲያስብ በሩ በዝገት አልቆ ሌላ በር ገዝተናል። በዚያ ላይ ወጉ ራሱ ያግዘዋል፤ ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን “ተመልሳችሁ ኑ” ማለት የጨዋ ደንብ ነው። ዐብይ ጾም ደግሞ ደጃፋችን ደርሷል፤ ጾም ከገባ ሠርግ የለም። አባቴ ዛሬ “እናስብበት” ካለ እስከ ፋሲካ ያስባል፣ ከፋሲካ በኋላም ያስባል፣ እኔም እሱ ሲያስብ እሸብታለሁ። ይህም አልበቃ ብሎ ልጁ የተከራየልን ቤት ቁሓ ነው። ቁሓ ዛሬ የመቀሌ አንድ ክፍል ብትሆንም ድሮ ራሷን የቻለች ከተማ ስለነበረች፣ አባቴ አሁንም ወደዚያ ሲሄድ ጃኬትና ውሃ ይዞ ነው።

“ቁሓ?” አለኝ ስነግረው። “ቁሓ እኮ ሰው የሚሄደው አውሮፕላን ሊሳፈር ነው።”

ሳቅኩለት። እሱ ግን አልሳቀም። ወደ ጠረጴዛው ዞሮ ሁለት መዳፉን ማጨሻዋ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ያኔ ነው ነገሩ እንዳልተወደደለት የገባኝ።

ስለ ማጨሻዋ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። አባቴ በወጣትነቱ ቻይና ተልኮ ተምሯል። ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ በሹራብ የተጠቀለለች አንዲት የነሐስ የዕጣን ማጨሻ ይዞ መጣ። የሰጡት ያስተማሩት አዛውንት ፕሮፌሰር ናቸው። ከሁለት ጡጫ አትበልጥም፤ ሆዷ ሰፊ ነው፣ እግሮቿ ሦስት አጫጭር ናቸው፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጆሮ አላት። ዘንዶ የለባት፣ አበባ የለባት፣ ምንም ጌጥ የለባት። ስታነሷት ግን ክብደቷ ያስደነግጣችኋል። የቤተ መቅደስ ዕቃም አይደለችም፤ የጥንት የቻይና ምሁራን ሲያነቡና በብሩሽ ሲጽፉ ጠረጴዛቸው ላይ የሚያኖሯት ናት። “እዚያ አገር ምሁር ያለ ማጨሻ ማለት፣ እዚህ ካድሬ ያለ ስብሰባ ማለት ነው” ይላል አባቴ። ከሥሯ ስድስት የቻይና ፊደላት ተቀርጸዋል፤ በእገሌ ንጉሥ ዘመን ተሠራች የሚሉ ናቸው። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይገለብጣትና ያነብላቸዋል፤ ከዚያ በኩራት “ውሸቷን ነው” ይላል። ከዚያ ንጉሥ ዘመን በኋላ የመጡ አንጥረኞች ሁሉ የእሱን ስም ይቀርጹ ነበር አሉ። “ሴት ሆና ዕድሜዋን ጨምራ የምትዋሽ እሷን ብቻ ነው ያየሁት” ይላል።

ዋናው ነገር ቀለሟ ነው። እንዲህ ያለ ማጨሻ ተገዝቶ አያበቃም፤ ያሳድጉታል፣ ያድጋል። ሆዷ በአመድ ይሞላል፣ አንዲት ቁራጭ ፍም አመዱ ውስጥ ትቀበራለች፣ ከላይ በትንሽ ቆርቆሮ ላይ የጥድ ስንጥር ይቀመጣል። ጭስ የለም፣ ነበልባል የለም፤ ሽታው ብቻ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ነሐሱም ለብ ብሎ ይውላል። በየቀኑ ስትሞቅ፣ በየቀኑ በእጅ ስትዳሰስ፣ ከዓመታት በኋላ ነሐሱ ከውስጡ ቀለም ያወጣል፤ የእኛዋ የቴምር መልክ ይዛለች። አባቴ ጠዋት ጠዋት ከሓትኖ የከሰል ምድጃ ፍም ለምኖ እሷን ያሞቅና አጠገቧ ተቀምጦ ያነባል። ሓትኖ መጀመሪያ “ያለ ቄስ ማጠን?” ብላ ደንግጣ የንስሓ አባቷን ጠይቃ ነበር፤ “ጥድ ብቻ ከሆነ የቤት ሽታ ነው” ብለው አሳረፏት። በእነዚያ ክፉ የጦርነት ዓመታት ከሰል ሲጠፋ እንኳ አባቴ ከጎረቤት ኩበት እየለመነ አሙቋታል። ኩበት የለመደች የቻይና ምሁር እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እኔ “ታላቅ እህቴ” እላታለሁ፤ ከእኔ በፊት ቤቱ የገባች፣ ከእኔም ይልቅ ዝም ብላ የምትቀመጥለት እሷ ናት።

ሽማግሌዎቹ ረፋድ ላይ ሦስት ሆነው ገቡ። ሁለቱ የመቀሌ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የሰፈራችን ቄስ፣ ሌላው ከልጁ ጋር የሚያስተምሩ ጎልማሳ። ዋናው ተናጋሪ ከጅማ የመጡት አጎቱ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ፣ የአውቶቡስ መንገድ ያጠወለጋቸው ሰው። እኔና ሓትኖ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ተለጥፈናል። መጋረጃው ሁለት ቀዳዳ አለው፤ የላይኛው የእሷ፣ የታችኛው የእኔ።

በቀዳዳዬ ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሰዎቹ ላይ አይደለም። ማጨሻዋ ከአባቴ ጠረጴዛ ተነሥታ ሳሎኑ መሀል ካለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። አፏ ድረስ ደግሞ በገብስ ቆሎ ተሞልታለች።

ሓትኖን ክንዷን ቆነጠጥኳት። “ምንድን ነው ያደረግሽው?”

“አመድ በሽማግሌ ፊት?” አለች በሹክሹክታ፣ ኩራቷ ግን ጮኸ። “አመድ እኮ የለቅሶ ነው! በመልካም ቀን ቤት ውስጥ አይቀመጥም። አውጥቼ ጣልኩት። ባዶዋን እንዳትሆን ደግሞ በሙቅ ውሃ አለቅልቄ ቆሎ ሞላሁባት። ሓቀይ ድየ? ልክ አይደለሁም?”

“አመዱን የት ጣልሽው?”

“ቆስጣው ሥር። ውሃም አጠጣሁበት።”

ያ አመድ እንደ ማንም አመድ አይደለም፤ አባቴ ለዓመታት እየነፋ እየነፋ እንደ ፉርኖ ዱቄት ያላመው ነው። ደግነቱ መነጽሩን አውልቆ ስለነበር ገና አላየም። ቢያይ ለጋብቻው ጥያቄ የሚቀረው ትዕግሥት ምን ያህል እንደሚሆን አስቤ ላብ አጠመቀኝ።

“ቁጭ በሉ እንጂ አባቶቼ” አላቸው።

“ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም መምህር፤ እህል ውሃም አንቀምስም” አሉ አጎትየው። ደንቡ ነው፤ ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ንግግራቸውን ጀመሩ። ከቅድመ አያታቸው ተነሡ። ስለ ጅማ ጫካ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሩ ነጭነት ተናገሩ። ልጁ በልጅነቱ ጥጃ እንኳ ረግጦ እንደማያውቅ ተናገሩ። ስልኬ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። “ምን አሉ?” ይላል። “ገና ማር ላይ ናቸው” ብዬ ጻፍኩለት። ሓትኖ ሳቋን ለማፈን የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች፤ እኔም እሷን አይቼ ነጠላዬን ነከስኩ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ክፍል ውስጥ እንደሚንሾካሾኩ ተማሪዎች እንንቀጠቀጣለን።

በመጨረሻ አጎትየው “ልጅዎን ለልጃችን” ብለው ጨረሱ። አባቴ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገ፤ ወደ መስኮቱ ዞረ። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ አፉን ከፈተ፤

“እናስ...”

“ቀጭ!” የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሁላችንም ወደ ድምፁ ዞርን። የአጎትየው ቀኝ እጅ ማጨሻዋ ውስጥ ነው። ጉንጫቸው አብጧል። ረጅሙ መንገድ፣ ረጅሙ ንግግር፣ ፊት ለፊታቸው የሚሸተው ትኩስ ቆሎ፤ እጃቸው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ሄዷል። መዋጥ አልቻሉ፣ መትፋት አልቻሉ፤ ዓይናቸው ብቻ ሰፋ።

“እህል ቀመሱ እኮ!” አሉ ቄሱ። “መልስ ሳንሰማ!”

አባቴ መነጽሩን አደረገ። መጀመሪያ የአጎትየውን እጅ አየ፣ ቀጥሎ ማጨሻዋን አየ። ተነሥቶ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ውስጧን ተመለከተ። ድንጋጤ ላይ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በትግርኛ “ሓሙኽሽተይ ደኣ?” አለ። አመዴስ?

“ቆስጣው ላይ!” አለች ሓትኖ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አጎትየው በግድ ዋጡ። “ይቅር ይበሉኝ መምህር። እጄ ነው እንጂ እኔ አልበላሁም” አሉ። ከልባቸው ነበር ያሉት። አባቴ አያቸው፣ መጋረጃውን አየ፣ ቆሎውን አየ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጣ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው እየሳቀ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም፤ ጠረጴዛውን ይዞ፣ እንባው እየወረደ፣ “እጄ ነው አሉኝ እኮ!” እያለ። ቄሱም ተከተሉት። እኔ ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዣለሁ።

“እንግዲህ እህል የቀመሰውን ሰው ‘ተመለስ’ አይሉትም” አለ አባቴ ሲረጋጋ። “‘እናስብበት’ ልል ነበር፤ ቀደሙኝ። ተቀመጡ።”

ተቀመጡ! ለልጁ “ተቀመጡ” ብዬ ስጽፍ ጣቴ ፊደል ሳተ። ሓትኖ ለእልልታ አፏን ስታሰፋ ግን አባቴ እጁን አነሣ።

“አንድ ነገር አለ” አለ። ሳቁ ከፊቱ ሄዷል። “በእናቴ አገር ሴት ልጅ የምትዳረው እሳት እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ክብሪት ብርቅ በነበረበት ጊዜ ሰው እሳት የሚጭረው ከጎረቤት ነበር። ከአባቷ ምድጃ የተጫረ ፍም ሳይሞት የሚደርስበት ቤት ቅርብ ነው፤ ትዳራለች። መንገድ ላይ የሚሞትበት ሩቅ ነው፤ አትዳርም። እናንተ ቁሓ ነው ያላችሁት። እንግዲያው ፍም ይዘን ቁሓ እንሂድና እንየው።”

ይህን ወግ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ አያውቀውም። ቄሱ ሳይቀሩ ጢማቸውን እያሻሹ “እንዲህ ያለም ነበር እንዴ?” አሉ። አባቴ እዚያው ተቀምጦ የፈጠረው ይመስለኛል። ሰውየው “እሺ” ላለማለት ወግ እስከ መፍጠር መድረሱ አናደደኝ፤ ሳላስበው መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

“ኣቦይ፣ የምትድረው እኔን ነው ወይስ ከሰሉን?”

ሽማግሌዎቹ ደንግጠው መሬት መሬት አዩ። አባቴ ግን ዘወር እንኳ ሳይል “መጋረጃው ቀዳዳ እንዳለው አውቃለሁ” አለ። “ነጠላሽን ልበሽና ነይ። እሳቱን የምትጭሪው አንቺ ነሽ።”

አጎትየው ጥፋታቸውን የሚክሱበት መንገድ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ከሁሉም ቀድመው ቆመዋል። “በምን እንያዘው?” ሲሉ አባቴ ቆሎውን ሳህን ላይ ገለበጠና ማጨሻዋን አነሣ። ችግሩ አመድ ነው። አሮጌው አመድ ቆስጣ ሆኗል፤ ከምድጃው የወጣው አዲስ አመድ ደግሞ ሻካራ ነው። አባቴ የሓትኖን የዱቄት ወንፊት ከግድግዳው አውርዶ አመዱን መንፋት ጀመረ።

“ወይለይ! በዱቄት ወንፊቴ!” ብላ ጮኸች።

“‘አመድ በዱቄት ይስቃል’ ሲባል አልሰማሽም? ዛሬ ይሳቅ” አላት።

ነፍቶ ሞላ፤ እኔ ከምድጃው አንዲት ቀይ ፍም በመቆንጠጫ አንሥቼ አስቀመጥኩ፤ እሱ በማንኪያ አመድ አለበሳት። “አዲስ አመድ ግን ያፍናል” ሲል ለራሱ ሲያጉረመርም ሰማሁት። እየሳቅኩ ነበር፤ ሳቄ ቆመ። እሱ አመድ ያውቃል።

ከሓድነት እስከ መሀል ከተማ ሚኒባስ ያዝን። አባቴ ማጨሻዋን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጧል፤ ቄሱ መስቀላቸውን፣ ሓትኖ ሳህኑን ቆሎ ይዘዋል፤ ለምን እንደያዘችው እስከ ዛሬ አልነገረችንም። የሚኒባሱ ረዳት ባለ ጢም ጎልማሳ ነው። አሸተተ።

“አባት፣ ምንድን ነው የያዛችሁት? የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል።”

“የቻይና ምሁር ነች” አለ አባቴ።

“እሳት ነው” አልኩ እኔ፣ መዋሸት ስለማይሆንልኝ። “ላገባ ስለሆነ እሳት ይዘን እየሄድን ነው።”

ረዳቱ አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ቄሱን አየ። “ጽቡቕ፣ ደግ ነው፤ ልታገቢ ከሆነማ ይቃጠል” አለና በሩን ዘጋ። ከኋላ የተቀመጡ እናት “ኣጆኺ ጓለይ” ብለው አበረታቱኝ፤ ሓትኖም ወዲያው ቆሎ አደለች። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ቆሎ እየቆረጠሙ ፍሙ ይደርስ እንደሆነ ይከራከሩ ጀመር። አንዱ ይደርሳል አለ፤ ሌላው አያቱ እሳት ሲጭሩ ከሁለተኛው ቤት አያልፍም ነበር አለ። ሁለተኛውን ሰው ከሚኒባስ ላወርደው ነበር።

መሀል ከተማ ስንደርስ የቁሓው ሚኒባስ ባዶ ነው። ሚኒባስ ደግሞ ሳይሞላ አይሄድም። ፍሙ በየደቂቃው እየሞተ ሹፌሩ ተደግፎ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። አላስቻለኝም። በሩ ላይ ተንጠለጠልኩና “ቁሓ! ቁሓ! ቁሓ!” ብዬ መጣራት ጀመርኩ። ነጠላ የለበሰች ሙሽራ፣ ቢሮ የምትሠራ ሴት፣ ሰፈር ሙሉ በሚያውቃት ከተማ! አጎትየው ቢያንስ ሁለት ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን አጥብቀው አጠገቤ ቆሙና በጅማ ድምፃቸው “ቁሓ፣ ቁሓ፣ ቁሓ! ሙሽራ አለች ውስጥ፣ ግቡ!” አሉ። ሰው ለሳቅ ብሎ ገባ። ወደ ቁሓ ጉዳይ ያልነበራቸው ሁለት ሴቶች ሳይቀሩ ገቡ።

መኪናው ተነሣ፤ እኔም ላብ በላብ ሆኜ ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊቴ የአባቴ ጀርባ ነው። ተናድጄበት ነበር፤ ልናገር አልቻልኩም እንጂ በልቤ ብዙ ሰደብኩት። ብቸኝነት ፈርቶ ከሆነ “ፈራሁ” ይበለኝ፤ አመድ ውስጥ ምን አስደበቀው? ፍሙ እንዲሞትለት ነው አዲስ አመድ ያለበሰው እያልኩ ነበር። መንገድ ላይ ግመሎች ሲያቋርጡ መኪናው ቆመ። አባቴ ዙሪያውን አየ። ማንም የማያየው ሲመስለው ፎጣውን ገለጥ አደረገ፣ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ በጫፏ አመዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፈተ። ከዚያ ጎንበስ አለና እፍ አለበት። በጣም በቀስታ። እንደገና እፍ አለበት። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ስድቤን ሁሉ ዋጥኩት።

ልጁ በስልክ ታዝዞ ቤቱን ከፍቶ ተደብቋል። መልስ ሳይሰጥ መታየት የለበትማ። ግን ከጓሮው የውሃ ታንከር ሥር ጥቁር ጫማዎቹ ይታዩ ነበር፤ ሁላችንም እያየናቸው እንዳላየን ሆነን ገባን። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ባዶ፤ ሲሚንቶው ቀዝቃዛ፣ ግድግዳው ገና የቀለም ሽታ ያለው። አባቴ ማጨሻዋን ወለሉ መሀል አስቀመጣት። ሁላችንም ዙሪያዋን ቁጢጥ አልን።

አመዱን በእስክሪብቶው ገለጠ። ግራጫ ነው። ጠለቅ አደረገ። ፍሟን አወጣት። ጠቁራለች።

“ትንሽ ትንፋሽ ትፈልግ ይሆናል” አሉ አጎትየው፤ ጎንበስ ብለው ባላቸው ጉልበት እፍ አሉ። አመዱ ተነሥቶ የአባቴን መነጽር፣ የቄሱን ጢም፣ የራሳቸውን ጋቢ አለበሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈነዳ ነበር። ከሰሏ ግን ጥቁር እንደሆነች ቀረች።

“ሞታለች” አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ሓትኖ አማተበች።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከሰሏን አላያትም። ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው ሁለት መዳፉን በማጨሻዋ ሆድ ላይ አሳርፎ ቆየ። ከዚያ የአጎትየውን እጅ፣ ያንን የበላውን እጅ፣ ይዞ ነሐሱ ላይ አስቀመጠው።

“ይሞቃል?” አላቸው።

“ይሞቃል” አሉ አጎትየው።

ቄሱም ነኩ። “ይሞቃል።”

“ኡይ፣ ያቃጥላል!” አለች ሓትኖ በጣቷ ጫፍ ብቻ ነክታ።

“እንግዲያው ደርሷል” አለ አባቴ። “ቁሓ ሩቅ አይደለም። እሺ።”

ሓትኖ ከሓድነት ጀምራ አፍና የያዘችውን እልልታ ለቀቀችው። ልጁ እልልታውን ሰምቶ ከታንከሩ ጀርባ ሮጦ ገባ፤ ዓይኑ እኔን እያየ የአባቴን ጉልበት ሊስም ሲጎነበስ የአጎቱን ጉልበት ሳመ፤ አጎትየው “እኔን ሳይሆን እሳቸውን!” ብለው ገፉት። አብረውን የመጡት ሁለቱ የሚኒባስ ሴቶችም ለካ በር ላይ ቆመው ነበርና እልልታውን ተቀበሉ። ቄሱ አመድ በለበሰ ጢማቸው መረቁን። የማደርገው ጠፍቶኝ ሓትኖን አቅፌ አነሣኋት፤ ወፍራም ሴት ናት፣ ግን አነሣኋት።

ከዚያ ሁሉም ምሳ ፍለጋ ወደ ግቢው ወጡ። አባቴ አልወጣም። ሲሚንቶው ላይ፣ ማጨሻዋ አጠገብ እንደተቀመጠ ቀረ።

“ኣቦይ፣ አትነሣም?”

“ትንሽ ልቀመጥ” አለ መዳፉን ሳያነሣ። “ስትቀዘቅዝ ይዣት ወደ ቤት እሄዳለሁ።”

ከውጭ ይጣሩ ነበር፤ ልጁ ስሜን ይጠራል፣ አጎትየው ራበን ይላሉ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና አጣጥፌ ማጨሻዋን ዙሪያዋን ጠቀለልኳት።

“ምነው?” አለኝ።

“ምንም” አልኩት፣ ሙቀቱ እንዳይወጣባት ጫፉን ከሥሯ አስገብቼ እየያዝኩ።